መርዶ ነጋሪው ኮምፒዩተር

አብነት ሰፈር ወርዳችሁ «ጋሽ ደበላ የሚባለው ሰውዬ የት ነው?» ብትሉ ጣቱን ቀስሮ የማያሳያችሁ የለም። የማያውቀኝ ካጋጠማችሁ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ማለት ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሌለውን አለኝ የሚል ሰው ሥራ ነው፤ እኔ የማወራው ያለኝን ነው።

ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ የለም። ገና ልጅ እያለሁ የጎረቤታችንን ሬዲዮ በወጥ ቤት ቢላ ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ጥቂት ብሎኖች ተረፉኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አብልጦ ጮኸ። ፋብሪካ ብሎን እንደሚያባክን የገባኝ ያን ቀን ነው። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገርኩ። እኩዮቼ ከዘራ መምረጥ ሲጀምሩ እኔ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ አስካለ «ሰውዬው ከማሽን ጋር ማውራት ጀምሯል» ብላ ለእህቷ ደውላለች። እህቷም ጸበል መክራለች።

ሌላም ሙያ አለኝ። የእድራችን መርዶ ነጋሪ ነኝ። ሰው ዘመዱ ሲሞትበት ሄዶ የሚያረዳው፣ ማለትም ክፉውን ወሬ የሚነግረው፣ እንደው ያገኙት ሰው አይደለም። አንደበት ይጠይቃል። በእኔ ተረድቶ ራሱን የሳተ የለም። አንዳንዱ እንዲያውም ከሐዘኑ ሲወጣ መጥቶ አመስግኖኛል። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። የወንድሜ ልጅ ብሌን ሱቄ ድረስ መጣች። ብሌን ባንክ ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት። ጥላው ወጣችና ከጓደኛዋ ከናሆም ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል ተከራይተው «ፈታሽ» የሚባል መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። ፈታሽ ጀማሪዎች የጻፉትን ኮድ ያይና የቱ ጋ እንደተሳሳቱ በአማርኛ ይነግራል። አባቷ ግን ነገሩን አልወደደላትም። «ሰው ስህተቱን ለማወቅ ገንዘብ ይከፍላል ወይ? በነፃ የሚነግረው ጎረቤት ሞልቶ!» ይላል።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው» አለችኝ።

«አስቸግሪኝ። ለዚህ አይደል የተፈጠርኩት?»

«ቅዳሜ እዚህ ልደታ ማርያም አካባቢ ያለ ማሠልጠኛ ፈታሽን በሠልጣኞቹ ሊሞክርልን ነው። ከወደዱት ይጠቀሙበታል። ካልወደዱት…» አንገቷን ደፋች። «ባንኩ እስከ ሰኞ መልሽን ስጪን ብሎኛል። አባዬ ቃል አስገብቶኛል። ቅዳሜ ካልተሳካ ሰኞ እመለሳለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ይሞክሩልኝ። እርስዎ ከገባዎት ለማንም ይገባል።»

አንዳንድ ሰው ይህን ንግግር በሌላ መንገድ ይተረጉመው ይሆናል። እኔ ግን ባለሙያ ፈልጋ እንደመጣች ወዲያው ነው የገባኝ።

ለእድራችን የሚሆን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነበር፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የት ቤት እንዳለ የሚያሳይ። ብሌን ፈታሽን ጭናልኝ ሄደች። መነጽሬን ጠረግሁና አስነሳሁት። ፈታሽ ጥቂት አሰበና በቀይ ጻፈ፤

«ከባድ ስህተት። ያልተጠበቀ የፋይል መጨረሻ፣ መስመር 96። ሂደቱ ተገድሏል።»

መጨረሻውን ያልጠበቀው ማነው? እኔ ጠብቄዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ! መስመር 96 ሄጄ አየሁ። ባዶ ነው። ባዶ መስመር ላይ ማን ይሳሳታል? ቢሆንም ሰው አክባሪ ነኝና መስመሯን አጠፋኋትና እንደገና አስነሳሁት። «መስመር 95» አለኝ። 95ንም አጠፋሁ። «መስመር 94» አለኝ። እያሳደደኝ ነው። እልህ ያዘኝና ከታች ወደ ላይ ስቆርጥ፣ ስቆርጥ፣ ድስቶቹ በሙሉ ካለቁ በኋላ ድንኳኑ ላይ ስደርስ የቆረጥኩትን ሁሉ መልሼ ቆም ብዬ አሰብኩ። ኮዱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ትክክል ነው። ፈታሽ የብሌን ነው፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት። እንግዲህ የቀረው ማሽኑ ነው።

ኮምፒዩተሩን ፈታሁት። ሜሞሪውን አውጥቼ በላጲስ አሸሁ፤ በአፌም እፍ አልኩበት። አስካለ ምሳ ዕቃዬን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ደግሞ እሱ ምን አደረገህ?»

«ተገድሏል ይላል።»

«ማን ገደለው?»

«እሱን አይናገርም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፖሊስ ሳይመጣ ግጠመው» ብላኝ ሄደች።

ገጠምኩት። ብሎንም አልተረፈም። አስነሳሁት፤ አሁንም ተገድሏል።

ዓርብ ጠዋት ኮምፒዩተሬን በፌስታል አንጠልጥዬ ኮንዶሚኒየሙን ወጣሁ። ናሆም በሩን ከፈተልኝ። ጸጉሩን ያንጨባረረ፣ ነገር የሚያበዛ፣ ግን ልቡ ጥሩ የሆነ ልጅ ነው።

«ፋዘር! ይግቡ፣ ይግቡ። እንዴት ነው፣ ፈታሽ ተመቸዎት?»

«ሰው ገድላችሁ ተመቸዎት ወይ ትላላችሁ?»

ብሌን ሳቀች። ናሆም ወደ ኮዱ አጎንብሶ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ነዳውና «አሃ» አለ። «ፋዘር፣ መስመር 14 ላይ ቅንፍ ከፍተው ሳይዘጉ ሄደዋል። ይቺት።»

አየሁት። በእርግጥ አንድ ቅንፍ አፏን ከፍታ ቆማለች። «እሺ፣ ከተከፈተች ተከፈተች። ታዲያ 96 ምን ቤት ነው?»

«መዝጊያውን እየፈለገ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ 96 ላይ ፋይሉ አለቀበታ።»

«ስማኝ የእኔ ልጅ። እኔ አብነት ቤቴን ሳልቆልፍ ወጣሁ። አንተ አይተኸኛል። ምንም ሳትለኝ እስከ ቃሊቲ ተከተልከኝና እዚያ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ከአውቶብሱ ስወርድ በጥፊ መታኸኝ። ለምን መታኸኝ ስልህ ‹መንገዱ አልቋል› አልከኝ። ይህ ምን የሚሉት ጠባይ ነው?»

ብሌን ሳቋን አቁማ መልእክቱን እንደ አዲስ አነበበችው።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «እኛ ሠርተነው ስለምናውቀው አይታየንም። ነገ ሠልጣኞቹ የሚያዩት ይህንን ነው። ተገድሏል…» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ናሆም፣ እኔ እኮ ሰኞ ባንክ ቤት ነኝ።»

ሴት ልጅ ስታለቅስ አልችልም። «የምን ባንክ!» አልኳት። «ስህተት መንገር ማለት መርዶ መንገር ማለት ነው። መርዶ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ታለቅሻለሽ?»

«ፋዘር፣» አለ ናሆም፣ «ሰዉ ኮድ ሊጽፍ ነው እኮ የሚመጣው፤ ለቅሶ ሊደርስ አይደለም።»

«ዝም በልና ተማር። መርዶ በድንገት አይነገርም። አንደኛ ሰውየው ይቀመጣል። እህል መቅመሱ ይረጋገጣል። አጠገቡ ሰው መኖሩ ይታያል። ከዚያ ‹ትንሽ አሞት ነበር› ይባላል። ቀጥሎ ‹ጠንከር ብሎበታል› ይባላል። ልቡ ቀስ በቀስ ሲያውቀው ነው ዋናው የሚነገረው።»

በእርግጥ ብሌን ወዲያው አልተቀበለችኝም። «ጋሼ፣ መስመሩን ቶሎ ብንነግራቸው አይሻልም?» አለችኝ። እኔም «ዕድሜ ልኬን ስንቱን አረድቻለሁ፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም» አልኳት። ደክሟት ነበር። ታላቅ አክባሪም ናት። እሺ አለች።

ናሆም እያጉረመረመ የራሱን ሥራ ሠራ፤ ፈታሽ የፋይሉን መጨረሻ ትቶ የተከፈተችውን ቅንፍ ራሷን እንዲያሳይ አደረገው። እኔ ደግሞ ንግግሩን ደረደርኩ። የመስመሩ ቁጥር የሚመጣው ሰውየው «ቀጥል» የሚለውን ደጋግሞ ሲጫን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የሚያምር የስህተት መልእክት በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ማታ ለአስካለ አነበብኩላት። አዳምጣ ስታበቃ «ማነው የሞተው?» አለችኝ። «ማንም» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ኮቴን ለበስኩ። ብሌን ባትጠራኝም ሄድኩ። ሥራዬን ሰው ሲያደንቅ ቆሜ ማየት አለብኝ።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ወይዘሮ ትዕግሥት የምትባል፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ከብሌን ጋር ከተጨባበጠች በኋላ «ልጆቹ እኛን ሳይጠሩ ስህተታቸውን ራሳቸው ካረሙ ገዝተነዋል። ካልሆነ ጊዜ አናባክን» አለች። ሠልጣኞቹ ኮምፒዩተራቸው ፊት ተደርድረው ሥራ ተሰጣቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

መጀመሪያ ከወዲያ ጥግ ሳቅ ተሰማ። ደህና ምልክት ነው ብዬ ወሰድኩት። ከፊት ለፊቴ ሐያት የምትባል፣ ሻርፕ ያሰረች ዝምተኛ ልጅ ተቀምጣለች። ኮዷን ጽፋ አስነሳችው። ፈታሽ እንዲህ አላት፤

«እንደምን አደሩ። እባክዎ ቁጭ ይበሉ። ቁርስ ቀምሰዋል? ብቻዎን ከሆኑ አጠገብዎ ሰው ይጥሩ።»

ሐያት ማያ ገጹን ትኩር ብላ አየችው። «ቀጥል»ን ተጫነች።

«የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ትንሽ ችግር ነበር።»

ወደ ማያ ገጹ ተጠጋች። ተጫነች።

«ጠንከር ብሏል። ሁሉም ከፈጣሪ ነው። በርቱ።»

«ወይኔ አባቴን!» ብላ ተነሣች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «አባቴን! አባቴን!»

አባቷ ቡታጅራ ታመው ተኝተው ነበር ለካ። ክፍሉ በአንዴ ተነሣ። አንዷ አቀፈቻት፤ ሌላው ውኃ ይዞ ሮጠ። ናሆም እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ብሌን «ቆይ፣ ቆይ፣ ፕሮግራሙ ነው!» ብትልም የሚሰማት የለም። ሐያት ስልኳን አውጥታ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። እንደገና ደወለች። አይነሣም።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የሚፈልገው እንደ እኔ ያለውን ነው። ኮቴን አስተካክዬ ረጋ ባለ እርምጃ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። እጇን ያዝኩ። አፌን ልከፍት ስል ከኋላ አንድ የአብነት ልጅ ጮኸ፤

«ጋሽ ደበላ ናቸው! የእድራችን መርዶ ነጋሪ! ጠዋት ሳያቸው ለምን እንደመጡ ገርሞኝ ነበር!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እናንተው ገምቱት። ሐያት ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ሌሎቹም ማልቀስ ጀመሩ።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ።

«ውይ፣ ሊደብቁን ነው!» አለች አንዷ።

«አባትሽ ደህና ናቸው የእኔ ልጅ!»

«ትንሽ አሟቸው ነው ሊሉኝ ነው!» ብላ ሐያት ባሰባት።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ አንደበቴ የከዳኝ ያን ቀን ብቻ ነው። «ደህና ናቸው» የሚለውን ሁሉም መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ይለዋል። «ተረጋጊ»ም ይላል። «የሚያስደነግጥ የለም»ም ይላል። እኔ ራሴ ስንት ቤት ብያለሁ! የማውቀውን ቃል ሁሉ ባወጣ ልጅቷን ወደ ለቅሶ ይገፋታል እንጂ አይመልሳትም። ዘወር ስል ብሌን ኮምፒዩተሯን እየዘጋች ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ፊቷ ላይ ባንኩ ይታያል።

ያን ጊዜ መርዶ ነጋሪ በፍጹም የማይለው ነገር ምንድነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የልጅቷን ወንበር አነሣሁ፤ «ቀጥል»ን እስከ መጨረሻው ተጫንኩና በሬዲዮ ጥገና ዘመኔ ደንበኛ የማስደነግጥበትን ድምፄን አወጣሁ።

«ሐያት! መስመር 8 ላይ የከፈትሽው ቅንፍ አልተዘጋም! ከቁጥሩ ቀጥሎ ዝጊው!»

የሚያለቅሱት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን?» አለች ሐያት።

«መስመር 8! ቅንፍ! ከቁጥሩ ቀጥሎ!»

በመርዶ ታሪክ ቅንፍ የሚባል ሰው ሞቶ አያውቅም። ልጅቷ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች አጎነበሰች። አየችው። ዘጋችው። አስነሳችው። አረንጓዴ በራ፤ ፕሮግራሟ ሠራ። እንደዚያ እንደቆመች ስልኳ ጠራ።

«አባዬ! አባዬ፣ ደህና ነህ? ለምን አታነሣም?»

የአባትየው ድምፅ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ሰላት ላይ ነበርኩ። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባዬ፣ ቅንፍ ነው!» ብላ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። ሐያት ፊት መጥታ ቆመች።

«ስህተትሽን ያረምሽው በየትኛው መልእክት ነው?»

«እሳቸው በጮሁት» አለች ሐያት ወደ እኔ እያመለከተች። «ኮምፒዩተሩ ለምን መጀመሪያውኑ እንደዚያ አላለኝም?»

ወይዘሮ ትዕግሥት ወደ ብሌን ዞረች። «እሳቸው የጮሁትን መጻፍ ትችያለሽ?»

«የትኛው መስመር፣ ምን እንደጎደለ፣ የት እንደሚገባ…» አለች ብሌን፤ ቦርሳዋን መልሳ እየከፈተች። «ናሆም አዘጋጅቶታል። የተደበቀው ከንግግሩ ሥር ነው።»

«ንግግሩን አውጡት። ከምሳ በኋላ እንደገና እናያለን።»

ልጆቹ ምሳ ሲወጡ ብሌንና ናሆም እዚያው ቁጭ ብለው የእኔን ጥበብ ይቆርጡት ጀመር። ቁጭ ይበሉ ሄደ። ቁርስ ሄደ። በርቱ ሄደ። እያንዳንዱ ሲጠፋ እኔ ራሴ አጠገባቸው ቆሜ «እሱንም አውጣው» እል ነበር። ታላቅ ሰው የራሱን ሥራ ሲያፈርስም ታላቅ ነው።

ከምሳ በኋላ ያው ሥራ ተሰጠ። ልጆቹ ይሳሳታሉ፤ ያነባሉ፤ ያርማሉ። ሳቅ የለም፣ ለቅሶም የለም፤ የቁልፍ ድምፅ ብቻ። አንድም ሠልጣኝ እጁን አንሥቶ አስተማሪ አልጠራም። ወይዘሮ ትዕግሥት በየወንበሩ ጀርባ እየዞረች አየች። አንዱ ጋ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሄጄ አየሁ። ናሆም ለማንም ሳይነግር ከላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሯል፤

«ማንም አልሞተም። መስመር 11 ላይ የተከፈተው ቅንፍ አልተዘጋም፤ እዚህ ጋ ይዝጉት።»

ብሌን ደንግጣ «አሁኑኑ ላውጣው» አለች።

«ተዪው» አለች ወይዘሮ ትዕግሥት። «ሰኞ መጥተሽ ውሉን ፈርሚ።»

ብሌን ሰኞ ጠዋት ባንኩ ጋ ደውላ አመስግና አልመጣም አለች። አባቷ አኮረፈ፤ ከዚያ ግን ፈታሽ የእሱ ሐሳብ እንደነበር በየቦታው ማውራት ጀመረ። ጉራ በቤተሰባችን የለም እንዳልል እሱ አለ። አሁን በአብነትና በጌጃ ሰፈር ካፌዎች ኮምፒዩተር የያዘ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር ሲበላሽበት «ማንም አልሞተም» ይላል። ይህን ቃል ያመጣው ማን እንደሆነ ባይጠይቁኝም እኔ እነግራቸዋለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ? የእኔን ልንገራችሁ። ዕድሜ ልኬን ክፉ ነገርን በጥጥ ጠቅልዬ ሳቀብል ኖሬአለሁ። ለሞት ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤ ሞት መስመር የለውም፣ ተመልሶ የሚዘጋ ቅንፍም አይደለም፤ ያዘነን ሰው ቀስ ብሎ መያዝ ነው። ሊስተካከል የሚችለውን ነገር ግን በመርዶ ወግ የሚነግረኝን ሰው ከዚያ ወዲህ አልታገሥም። ጣሪያዬ ካፈሰሰ በየት በኩል እንደሚያፈስ ንገረኝ። ልጄ ከተጣላችኝ በምን ቃል እንዳስቀየምኳት ንገረኝ። «ትንሽ ነገር ነው» አትበለኝ።

ባለፈው ሰሞን የግራ ዓይኔ ደብዘዝ ሲልብኝ አስካለ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም በመብራት አየኝና አንገቱን እያከከ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«አባባ፣ በደንብ ይቀመጡ እስቲ» አለኝ። «ቁርስ በልተዋል?»

አስካለ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

«በልቻለሁ» አልኩት። «ስንተኛው መስመር ላይ ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«ምንድነው የጎደለው፣ የት ነው፣ በምን ይታረማል?»

ሐኪሙ መብራቱን አጠፋ። «የግራ ዓይንዎ ላይ ሞራ አለ። በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከዚያ ያያሉ።»

ወደ አስካለ ዞርኩ። እጄን አሁንም አልለቀቀችም።

«ሰማሽ?» አልኳት። «ማንም አልሞተም።»